ሃርድ ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ ፍላሽ ወይስ ቴፕ? ለየትኛው ፋይል የትኛው ማከማቻ

ማከማቻ ስንገዛ መጀመሪያ ዓይናችን የሚያርፈው ጊጋው ላይ ነው። 512 ነው? 1 ቴራ ነው? ከዚያ ፍጥነቱን እንጠይቃለን። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ጥቂት ሰው ብቻ የሚጠይቀው ሦስተኛ ጥያቄ ግን አለ። ለእኔ እሱ ከሁለቱም ይበልጣል። ይህ ዕቃ ሲበላሽ የሚበላሸው እንዴት ነው? ምልክት እየሰጠ ቀስ በቀስ ነው ወይስ ማታ ደህና የነበረው ጠዋት ጭራሽ አልነሳም ይላል? ያኔ ፋይሉን ባለሙያ ሊያወጣው ይችላል ወይስ አብሮ ይሄዳል?

መልሱ ያለው ዕቃው ዳታውን በሚይዝበት መንገድ ላይ ነው። ማንኛውም ማከማቻ የሚይዘው ያው ዜሮና አንድ ነው። ሃርድ ዲስክና ቴፕ በማግኔት ይይዙታል። ኤስኤስዲ፣ ፍላሽና ሜሞሪ ካርድ ኤሌክትሮኖችን አፍነው ይይዙታል። ሲዲ፣ ዲቪዲና ብሉሬይ ደግሞ የሌዘር ብርሃን ከገጻቸው ላይ በሚመለስበት ሁኔታ። ፍጥነቱም፣ ዋጋውም፣ ዕድሜውም፣ አሟሟቱም የሚመነጨው ከዚህ ነው። ስለዚህ የእያንዳንዱን ውስጥ እያየን እናወዳድር።

ራም እዚህ ውስጥ አይገባም። ራም ኮምፒውተሩ እየሠራ ሳለ ብቻ የሚጠቀምበት ቦታ ነው፤ ኃይል ሲቋረጥ ባዶ ይሆናል። የምናወራው ኮምፒውተሩ ከጠፋ በኋላም ፋይላችሁን ስለሚያቆዩት ነው።

ሃርድ ዲስክ፦ ብዙ ቦታ በትንሽ ዋጋ

የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። አይቢኤም ራማክ ከሚባለው ኮምፒውተሩ ጋር አቀረበው። እያንዳንዳቸው 24 ኢንች ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች ነበሩት። ያ ሁሉ ተደምሮ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ያህል ፊደል ነበር። ዛሬ ስልካችሁ የሚያነሳው አንድ ፎቶ ብቻ ያን ያህል ቦታ ሊወስድ ይችላል።

መጠኑ ይለወጥ እንጂ አሠራሩ በመሠረቱ ያው ነው። ሳጥኑ ውስጥ ከአሉሚኒየም ወይም ከመስታወት የተሠሩ ክብ ሳህኖች አሉ። ላያቸው በጣም ስስ በሆነ ማግኔታዊ ሽፋን ተለብጧል። በላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ፣ በዴስክቶፕ 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። በላያቸው ላይ በክንድ ጫፍ የተያዘ የማንበቢያና የመጻፊያ ራስ ይንሳፈፋል። ራሱ ሽፋኑን አይነካም። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት በአስር ሺዎች ናኖሜትር ይቆጠራል። ክፍተቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ከዚህ መገመት ትችላላችሁ።

ራሱ ሲጽፍ የሽፋኑን ቅንጣቶች የማግኔት አቅጣጫ ወደዚህ ወይም ወደዚያ ያዞራል። ሲያነብ ደግሞ በአቅጣጫው ምክንያት ራሱ ውስጥ በኤሌክትሪክ መተላለፍ ላይ የሚፈጠረውን ለውጥ ይለካል። አልቤር ፌር እና ፒተር ግሩንበርግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ለየብቻቸው የደረሱበት ግኝት ነው ለዚህ ዓይነቱ ማንበቢያ መንገድ የከፈተው። በ2007 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። ይገባቸዋል። ሃርድ ዲስክ ከጊጋ ወደ ቴራ እንዲያድግ የእነሱ ሥራ ትልቅ ድርሻ አለው።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚዞር ሳህን አንድ ዙር ለመጨረስ 8.3 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል። የምትፈልጉት ዳታ ራሱ ስር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ትጠብቃላችሁ። ይህ 4.2 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ክንዱ ወደ ትክክለኛው መስመር እስኪሄድ የሚወስደው ጊዜም ይጨመርበታል። ስለዚህ ተራ ሃርድ ዲስክ የተበታተኑ ትንንሽ ዳታዎችን ሲያነብ በሰከንድ ከመቶ ብዙም የማይበልጥ ንባብ ነው የሚችለው። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ እንዲህ ያለ ትንንሽ ንባብ በብዙ ሺዎች ይጠይቃል። ሃርድ ዲስክ ያለው ኮምፒውተር ተከፍቶ እስኪረጋጋ ደቂቃዎች የሚፈጀው ለዚህ ነው።

አንድ ትልቅ ፊልም በተከታታይ ሲነበብ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ራሱ አንዴ ቦታውን ከያዘ ዳታው በስሩ እየተከታተለ ያልፋል። ያኔ ዘመናዊ የዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ150 እስከ 250 ሜጋባይት ይሰጣል። ለፊልም፣ ለሙዚቃ፣ ለፎቶ ክምችትና ለደህንነት ካሜራ ቅጂ ይህ ከበቂ በላይ ነው። በአንድ ቴራ የምትከፍሉት ገንዘብም ከኤስኤስዲ በጣም ያነሰ ነው።

ሃርድ ዲስክ ስትገዙ ብዙ ሰው የማያየው አንድ መለያ አለ፦ ሲኤምአር ነው ወይስ ኤስኤምአር? በሲኤምአር የዳታ መስመሮቹ ጎን ለጎን ይሰመራሉ፣ አይነካኩም። በኤስኤምአር ግን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱ በሌላው ጠርዝ ላይ ይደረባል። በዚህ ዘዴ በአንድ ሳህን ላይ ብዙ ዳታ ይገባል። ችግሩ የሚመጣው መሃል ያለውን አንዱን ቆርቆሮ መቀየር ሲያስፈልግ ነው፤ የተደረቡበትንም ማንሳት የግድ ይሆናል። ኤስኤምአር ዲስክም ቀድሞ የተጻፈ ቦታ ላይ ስትጽፉ ተከታዮቹን መስመሮች አንብቦ መልሶ መጻፍ አለበት። አንዴ ተጽፎ ለሚቀመጥ ባክአፕ ምንም አይደለም። ብዙ ዲስክ አጣምሮ ለሚሠራ ሰርቨር ግን አልመክረውም። ጽሑፉ ሲበዛበት ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 አንዳንድ አምራቾች ይህን ሳይገልጹ ሲሸጡ ተገኝተው ትልቅ ቅሬታ ተነስቶ ነበር። የዲስኩን ሞዴል ቁጥር ይዛችሁ የአምራቹን ዝርዝር መግለጫ አንብቡ።

አሟሟቱስ? የሃርድ ዲስክ ዋና ጠላት መውደቅና መመታት ነው፣ በተለይ እየሠራ ሳለ። ራሱ ሳህኑን ከነካ ሽፋኑን ይፍቀዋል። የተፋቀው ቦታ ላይ የነበረው ዳታ አይመለስም። ሞተሩም ያረጃል። ደግነቱ ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ ሳይናገር አይሞትም። ቀጭ ቀጭ ይላል። ፋይል ሲከፈት ይንቀራፈፋል። ስማርት የሚባለው የራሱ መቆጣጠሪያ የተበላሹ ሴክተሮች (ሳህኑ የተከፋፈለባቸው ትንንሽ የዳታ ቦታዎች) ቁጥር እየጨመረ መሆኑን ይመዘግባል። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ይህን መዝገብ ያሳያችኋል። የተተኩ ሴክተሮች ቁጥር ከዜሮ ተነስቶ ማደግ ከጀመረ ነገ ዛሬ ሳትሉ ፋይላችሁን አውጡ። ቢሞት እንኳ ሳህኑ ካልተፋቀ፣ ከአቧራ በጸዳ ክፍል ውስጥ ከፍተው ዳታውን የሚያወጡ ባለሙያዎች አሉ። ውድ ነው። ግን ተስፋ አለ።

ኤስኤስዲ፦ ፍጥነት፣ ግን በራሱ ሕግ

ኤስኤስዲ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም። ያለው ቺፕ ነው። መሠረቱ ዳዎን ካንግ እና ሳይመን ዚ እ.ኤ.አ. በ1967 በቤል ላብስ የፈጠሩት ትራንዚስተር ነው። በዚህ ትራንዚስተር መሃል፣ ዙሪያውን ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ነገር የታጠረች ትንሽ ክፍል አለች። ጠንከር ያለ ቮልቴጅ ሲሰጥ ኤሌክትሮኖች አጥሩን አልፈው ይገባሉ። ቮልቴጁ ሲቋረጥ እዚያው ታፍነው ይቀራሉ። ዜሮና አንድ የሚለዩት በዚህ ነው። ቶሺባ ውስጥ ይሠራ የነበረው ፉጂዮ ማሱኦካ ይህን ይዞ በ1980ዎቹ ፍላሽ ሜሞሪን ፈጠረ። በ1987 ያቀረበው ናንድ የሚባለው ዓይነት ነው ዛሬ በስልካችሁም፣ በፍላሻችሁም፣ በኤስኤስዲያችሁም ውስጥ ያለው።

ክንድ ስለሌለ የሚጠበቅ ዙር የለም። ሃርድ ዲስክ በሚሊሰከንድ የሚመልሰውን ጥያቄ ኤስኤስዲ በማይክሮሰከንዶች ይመልሰዋል። ያረጀ ላፕቶፕ ያለው ሰው ምን ላሻሽል ብሎ ሲጠይቀኝ መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ሃርድ ዲስኩን አውጣና ኤስኤስዲ አስገባ። ሌላውን በኋላ እናወራለን።

የትኛውን ኤስኤስዲ? መጀመሪያ አገናኙን እንይ። ሳታ በሚባለው አገናኝ የሚሠራው በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ላይ ይቆማል። ቺፑ ከዚያ በላይ ቢችልም መስመሩ አያሳልፍም። ኤንቪኤምኢ ግን ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባለው ፈጣን መስመር በኩል ነው የሚሄደው። ሦስተኛው ትውልድ በሰከንድ 3,500፣ አራተኛው 7,000፣ አምስተኛው ደግሞ 14,000 ሜጋባይት አካባቢ ይደርሳል። ሌላም ልዩነት አላቸው። በሳታ ኮምፒውተሩ በአንድ ጊዜ የሚያሰልፈው ትእዛዝ 32 ብቻ ነው። ያ ለሃርድ ዲስክ ተብሎ የተቀመጠ ልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ኤንቪኤምኢ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰልፎችን ይፈቅዳል፣ በእያንዳንዱ ሰልፍም በሺዎች የሚቆጠር ትእዛዝ።

ቁጥሩ ያጓጓል። በዕለት ተዕለት ሥራ ግን የሚሰማችሁ ልዩነት ያን ያህል አይደለም። ከሃርድ ዲስክ ወደ ሳታ ኤስኤስዲ ስትሸጋገሩ ኮምፒውተሩ አዲስ የሆነ ይመስላችኋል። ከሳታ ወደ ኤንቪኤምኢ ስትሸጋገሩ ግን ብሮውዘርና ወርድ ለሚከፍት ሰው ለውጡ ጥቂት ነው። ትልልቅ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው በደንብ ያየዋል። ስለዚህ ማሽናችሁ ኤንቪኤምኢ የሚቀበል ከሆነ እሱን ግዙ፣ ዋጋቸው ብዙም አይራራቅም። ሳታ ብቻ ከሆነ ያላችሁ ምንም አትከፉ። አምስተኛው ትውልድ በጣም ስለሚሞቅ ማቀዝቀዣ ብረት ይፈልጋል። ለተራ ላፕቶፕ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ኤም.2 የሚባለው የማስቲካ ቅርጽ ያለው ቀጭን ካርድ ሁሉ ኤንቪኤምኢ አይደለም። ኤም.2 ቅርጹን ነው የሚነግራችሁ። በዚያው ቅርጽ የሚመጣ ሳታም አለ። ኤንቪኤምኢ ብቻ የሚቀበል ማስገቢያ ላይ ሳታውን ብትሰኩት አይሠራም፣ በተቃራኒውም እንደዚያው። 2280 የሚለው ቁጥር ደግሞ ልኩ ነው፦ 22 ሚሊሜትር ስፋት፣ 80 ሚሊሜትር ርዝመት። አንዳንድ ትንንሽ ላፕቶፖች አጭሩን 2230 ብቻ ነው የሚቀበሉት። ከመግዛታችሁ በፊት የላፕቶፑን መመሪያ ተመልከቱ።

ቀጥሎ የቺፑ ዓይነት። አንዷ ሴል፣ ማለትም ኤሌክትሮን የሚታፈንባት አንዷ ክፍል፣ አንድ ቢት (አንድ ዜሮ ወይም አንድ) ብቻ ከያዘች ኤስኤልሲ ትባላለች። ማወቅ ያለባት ሁለት ደረጃ ብቻ ነው፤ ኤሌክትሮን አለ ወይስ የለም። ቲኤልሲ ሦስት ቢት ይይዛል፣ ስለዚህ 8 የቻርጅ ደረጃዎችን መለየት አለበት። ኪውኤልሲ አራት ቢት ይይዛል፤ ደረጃዎቹ 16 ይሆናሉ። ደረጃው በበዛ ቁጥር በመካከላቸው ያለው ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል። መጻፉ ይዘገያል። ሴሏም ቶሎ ትደክማለች፣ ምክንያቱም በየጊዜው በቮልቴጅ የሚመታው አጥር ሲሳሳ ኤሌክትሮኖች ማምለጥ ይጀምራሉ። የሚገኘው ጥቅም ርካሽነቱ ነው።

ሻጮች የማይነግሯችሁ ነገር ይህ ነው። ቲኤልሲም ኪውኤልሲም ዲስኮች የተወሰነ ክፍላቸውን ለጊዜው በአንድ ቢት ይጠቀሙበታል። ኮፒ የምታደርጉት ፋይል መጀመሪያ እዚያ ስለሚገባ ፈጣን ይመስላል። ያ ክፍል ሲሞላ እውነተኛው ፍጥነት ይወጣል። ርካሽ ኪውኤልሲ ዲስክ ያኔ ከሃርድ ዲስክ በታች ሊወርድ ይችላል። ዲስኩ እየሞላ ሲሄድ ደግሞ ያ ፈጣን ክፍል ራሱ ይጠባል። ለዊንዶውስና ለፕሮግራሞቻችሁ ቲኤልሲ ውሰዱ። ኪውኤልሲ ጌም ወይም ፊልም ተጭኖበት ብዙ ጊዜ ለሚነበብና አልፎ አልፎ ብቻ ለሚጻፍበት ሁለተኛ ዲስክ ጥሩ ነው።

ስለ ዕድሜው ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ይፈራል። ሴሎቹ የሚችሉት የመጻፍና የማጥፋት ብዛት የተወሰነ መሆኑ እውነት ነው። ለዚህ ሲባል መቆጣጠሪያው ቺፕ ጽሑፉን በሁሉም ሴሎች ላይ ያዳርሳል። አምራቾች ዋስትና የሚሰጡበትን የጽሑፍ መጠን ቲቢደብሊው በሚል ቁጥር ይገልጹታል። ለ1 ቴራ ቲኤልሲ 600 ቴራባይት የተለመደ ነው። በየቀኑ 50 ጊጋባይት ብትጽፉ፣ ያም ለአብዛኛው ሰው ብዙ ነው፣ 600 ቴራ ለመጻፍ ከ32 ዓመት በላይ ይፈጅባችኋል። ከዚያ በፊት ላፕቶፑ ራሱ ይቀየራል።

ሌላው የኤስኤስዲ ሕግ ይህ ነው። ገጽ በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች ይጽፋል። ማጥፋት የሚችለው ግን ብዙ ገጾችን የያዘ ትልቅ ብሎክ አንድ ላይ ነው። የተጻፈ ገጽ ላይ በቀጥታ ደግሞ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ ፋይል ስትሰርዙ ኮምፒውተሩ ትሪም በሚባል ትእዛዝ "ይህን ቦታ አልፈልገውም" ይለዋል። ዲስኩም በእረፍት ሰዓቱ ያጸዳዋል። ይህ ፍጥነቱን ይጠብቃል። ግን አስቡት፤ በስህተት የሰረዛችሁትን ፋይል ከሃርድ ዲስክ መመለስ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ትሪም የሚሠራበት ኤስኤስዲ ላይ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚመለስ ነገር አይኖርም። ዲፍራግ ማድረግንም፣ ማለትም የተበታተነ ፋይልን ቁርጥራጮች አንድ ቦታ መሰብሰብን፣ እርሱት። የተበታተነ ፋይል ኤስኤስዲን አያዘገየውም፤ ዲፍራግ ሴሎቹን ያለ ጥቅም ያደክማል።

የኤስኤስዲ አሟሟት ከሃርድ ዲስክ የተለየ ነው። ብወድቅ አይጎዳኝም ይላል፣ እውነቱን ነው። ነገር ግን መቆጣጠሪያው ቺፕ ወይም ሶፍትዌሩ ሲበላሽ ድምፅ ሳያሰማ፣ ምልክት ሳይሰጥ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ኮምፒውተሩን በሚያስነሳው ሶፍትዌር፣ በባዮስ ውስጥ ስሙ እንኳ አይታይም። ዳታው በቺፖቹ ላይ ተበታትኖ፣ ብዙ ጊዜም ተመስጥሮ ስለሚቀመጥ ማውጣቱ በጣም ከባድ ነው። ሁለተኛ ድክመትም አለው። ኃይል ሳያገኝ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ ኤሌክትሮኖቹ ቀስ እያሉ ያመልጣሉ። የኢንዱስትሪው መለኪያ የሚጠይቀው፣ የመጻፍ ዕድሜውን የጨረሰ የግል ኮምፒውተር ኤስኤስዲ ሳይሰካ በ30 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ዓመት ዳታውን እንዲያቆይ ነው። አዲስ ዲስክ ከዚህ በጣም ይበልጣል። ቢሆንም የሰርግ ፎቶ ኤስኤስዲ ላይ ጭኖ መሳቢያ ውስጥ ለአስር ዓመት መርሳት ትክክል አይደለም።

ፍላሽና ሜሞሪ ካርድ፦ ለመሸከም እንጂ ለማኖር አይደለም

ፍላሽና ሜሞሪ ካርድ ከኤስኤስዲ ጋር አንድ ዓይነት ቺፕ ነው ያላቸው። ልዩነቱ መቆጣጠሪያቸው ቀላል መሆኑና ብዙ ጊዜም የሚገባባቸው ቺፕ ዝቅተኛ ደረጃ መሆኑ ነው። ጽሑፉን የማዳረስ አቅማቸው ደካማ ነው። ስለዚህ ፋይል ከቦታ ቦታ ለማድረስ ተጠቀሙባቸው። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ብቸኛ ቅጂ ፍላሽ ላይ ከሆነ ግን ይህን ማንበብ አቁማችሁ አሁኑኑ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉት።

ካርድ ላይ ያሉት ምልክቶች ትርጉም አላቸው። በክብ ውስጥ 10 የሚለው ቢያንስ በሰከንድ 10 ሜጋባይት መጻፍ ይችላል ማለት ነው። ዩ3 እና ቪ30 የሚሉት 30 ሜጋባይት። ለፎርኬ ቪዲዮ ከቪ30 አትውረዱ። ኤ1 እና ኤ2 የሚሉት ደግሞ ትንንሽ ንባብና ጽሑፍን ይለካሉ። ስልክ ላይ አፕ ለምትጭኑበት ካርድ የሚጠቅሙት እነሱ ናቸው። ትልቅ ፋይል ወደ ፍላሽ አልገባም ካላችሁ ደግሞ ፋት32 ተብሎ ፎርማት ስለተደረገ ሊሆን ይችላል፤ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይቀበልም። ኤክስፋት አድርጉትና ይፈታል።

ከሁሉም የከፋው የሐሰት ካርድና ፍላሽ ነው። ውስጡ 16 ጊጋ ብቻ ያለው ዕቃ ሶፍትዌሩ ተቀይሮ "1 ቴራ ነኝ" ብሎ ለኮምፒውተሩ ይዋሻል። እስከ 16 ጊጋ ድረስ በትክክል ይሠራል። ከዚያ በኋላ የምትጽፉት ወይ የቀደመውን ይደመስሳል ወይ የትም አይገባም። የፋይሎቹ ስም ግን ይታያል። የምታውቁት ስትከፍቱት ነው። አዲስ ካርድ ወይም ፍላሽ ስትገዙ ኤችቱቴስትደብሊው በሚባለው ፕሮግራም ወይም ለሊኑክስ በሚሆነው ኤፍ3 ከዳር እስከ ዳር ሞክሩት። ሰዓታት ቢፈጅም ይገባዋል።

በነገራችን ላይ 1 ቴራ የገዛችሁት ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋ ብሎ ቢታይ አልተጭበረበራችሁም። አምራቹ በ1,000 ነው የሚያባዛው። ዊንዶውስ የሚያካፍለው በ1,024 ነው።

ኤክስተርናል ዲስክ

ኤክስተርናል የሚባለው ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ ራሱ ነው፣ በዩኤስቢ ሳጥን ውስጥ ገብቶ። ስለዚህ ምርጫው ያው ነው። ቦርሳ ውስጥ ይዛችሁ የምትዞሩ ከሆነ ኤስኤስዲ። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ባክአፕ የሚቀበል ከሆነ ሃርድ ዲስክ። የምትሰኩበትን ቀዳዳ ግን አትርሱ። ዩኤስቢ 2 በተግባር በሰከንድ ከ40 ሜጋባይት ብዙም አያልፍም። ፈጣን ኤስኤስዲ እዚያ ላይ ብትሰኩ ገንዘባችሁን አባከናችሁ። ዩኤስቢ 3.0፣ 3.1 ጄን 1 እና 3.2 ጄን 1 ሦስቱም አንድ ፍጥነት ናቸው፤ በሰከንድ 5 ጊጋቢት። ስሙን ተዉትና ጊጋቢቱን አንብቡ።

ቴፕ፣ ሲዲና ክላውድ

ቴፕ የሞተ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። አልሞተም። ኤልቲኦ 9 የሚባለው ካሴት 1,035 ሜትር ርዝመት ያለው ቴፕ ይዞ 18 ቴራ ያስቀምጣል። ሳይጻፍበት ሲቀመጥ ኃይል አይፈልግም፤ ከመጫወቻው ወጥቶ መደርደሪያ ላይ ስላለም ቫይረስ አይደርስበትም። እ.ኤ.አ. በ2011 በሶፍትዌር ስህተት ምክንያት የተወሰኑ የጂሜይል ተጠቃሚዎች ኢሜይል ጠፍቶ ነበር። በተለያዩ የዳታ ማዕከሎች የነበሩት ቅጂዎችም በስህተቱ ስለተነኩ ጎግል የመለሰው ከቴፕ ላይ ነው። ድክመቱ አንድ ፋይል ለማግኘት ቴፑ እስኪጠመጠም መጠበቁ ነው። መጫወቻውም በጣም ውድ ነው። ለግለሰብ አይሆንም። ብዙ መዝገብ ለሚይዝ ተቋም ግን እስካሁን የሚወዳደረው ጥቂት ነው።

ሲዲ 700 ሜጋ፣ ዲቪዲ 4.7 ጊጋ፣ ብሉሬይ 25 ጊጋ በአንድ ንብርብር ይይዛሉ። የሌዘሩ ሞገድ ባጠረ ቁጥር ምልክቶቹን ማሳነስ ስለሚቻል ነው። ቤት ውስጥ የሚጻፍበት ሲዲ ዳታውን የሚይዘው በቀለም ነው፣ ቀለሙም በብርሃንና በሙቀት ይደበዝዛል። የድሮ ሲዲ ካላችሁ ላዩ ያለውን ፋይል አሁኑኑ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡት። ማንበቢያ ያለው ላፕቶፕም እየጠፋ ነው።

ክላውድ ሌላ ዓይነት ዕቃ አይደለም። የሌላ ሰው ሃርድ ዲስክና ኤስኤስዲ ነው፣ በብዙ ቅጂ የሚጠበቅ። ዲስክ ቢሞት እናንተ አታውቁትም። ያ ትልቅ ጥቅም ነው። የሚያሰጋው አካውንታችሁ ቢዘጋ፣ የይለፍ ቃሉ ቢጠፋ ወይም ክፍያው ቢቋረጥ ነው። ማመሳሰል ብቻ የሚያደርግ አገልግሎት ከሆነ ደግሞ እዚህ የሰረዛችሁት እዚያም ይሰረዛል።

ታዲያ ማን ምን ይግዛ?

ተማሪ ወይም የቢሮ ሠራተኛ ከሆናችሁ 512 ጊጋ ቲኤልሲ ኤስኤስዲ ላፕቶፑ ውስጥ፣ 1 ቴራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ለባክአፕ። ይበቃል። ከዚህ በላይ ገንዘብ ካላችሁ ራም ጨምሩበት።

ቪዲዮ የምታቀናብሩ ከሆነ የምትሠሩበትን ፕሮጀክት ኤንቪኤምኢ ላይ አድርጉ፣ ቢቻል ራም ያለው መቆጣጠሪያ የተገጠመለትን። ሥራው ሲያልቅ ወደ ትልቅ ሲኤምአር ሃርድ ዲስክ አሸጋግሩት። ኤስኤስዲውን እስከ አፉ አትሙሉት፤ ከአስር እጅ አንድ ወይም ሁለት እጁን ባዶ ተዉለት።

ለደህንነት ካሜራ፣ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ሃርድ ዲስክ። ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚጻፍበት ነገር ላይ ርካሽ ኤስኤስዲ ወይም ተራ ሜሞሪ ካርድ ቶሎ ያልቃል። ካርድ ብቻ የሚቀበል ካሜራ ካላችሁ ለረጅም ጽሑፍ የተሠራውን ዓይነት ጠይቁ።

የቤተሰብ ፎቶና ሰነድ ላይ ግን ጥያቄው የትኛው ዕቃ የሚለው አይደለም። ስንት ቅጂ የሚለው ነው። ባለሙያዎች ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ የሚሉት ልማድ አላቸው። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ለምሳሌ ላፕቶፑ ላይ አንድ፣ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ አንድ፣ ክላውድ ላይ አንድ። ሃርድ ዲስኩ ቢወድቅ ክላውዱ አለ። አካውንቱ ቢዘጋ ሃርድ ዲስኩ አለ። ሦስቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ምክንያት የመጥፋታቸው ዕድል ጠባብ ነው። ሬይድ (አንዱን ዳታ በሁለት ዲስክ ላይ የሚጽፍ አሠራር) ያለው ናስ (በኔትወርክ የሚሠራ የዲስክ ሳጥን) አለኝ፣ ባክአፕ አያስፈልገኝም የሚል ሰው ይገጥመኛል። ሬይድ ዲስክ ሲሞት ሥራ እንዳይቋረጥ ያደርጋል። በስህተት የሰረዛችሁትን ግን በሁለቱም ዲስክ ላይ እኩል ይሰርዘዋል። ቫይረስ ቢያመሰጥረውም እንዲሁ።

አሮጌውን ስትሸጡ ወይም ለሰው ስትሰጡ

ፎርማት ማድረግ ብቻውን አይበቃም። ፈጣኑ ፎርማት የፋይሎቹን ማውጫ ነው የሚያጠፋው፣ ዳታው ሃርድ ዲስኩ ላይ ይቆያል። ሃርድ ዲስክ ከሆነ ሙሉውን አንድ ጊዜ በዜሮ ጻፉበት። ዊንዶውስ ላይ ፈጣን የሚለውን ምልክት አንስታችሁ ፎርማት ብታደርጉ ይህን ያደርጋል። ኤስኤስዲ ላይ ግን ይህ ዘዴ አያስተማምንም። መቆጣጠሪያው ጽሑፉን ወደ ሌላ ሴል ስለሚወስደው የድሮው ዳታ ያልደረሳችሁበት ቦታ ሊቀር ይችላል። በአምራቹ ፕሮግራም ወይም ባዮሱ ውስጥ ባለው ሴኪውር ኢሬዝ በሚባለው ትእዛዝ አጥፉት። ከሁሉም የሚሻለው ግን ዕቃውን ገና ስትገዙ በዊንዶውስ ቢትሎከር ወይም በማክ ፋይልቮልት ማመስጠር ነው። ያኔ ስትሸጡት ቁልፉን ማጥፋት ይበቃል፣ ላፕቶፑ ቢሰረቅም ሌባው ፋይላችሁን አያነብም። የማስመለሻ ቁልፉን ከላፕቶፑ ውጭ፣ በወረቀት ጭምር አስቀምጡ።